ወደ ሺቶው ዋሻ የአምስት ዓመት ምልልስ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሰዎቹ ንጹህ ፕላስቲክ ይዘው ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። የሌሊት ወፎች ከሚንጠለጠሉበት ጣሪያ ስር ያነጥፉትና ይወጣሉ። ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ይመለሳሉ። ፕላስቲኩ ላይ ገና ያልደረቀ ኩስ ተበትኗል። አንድ በአንድ በወረንጦ ያነሱታል። ቫይረሱን ሳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይከቱታል። ብልቃጡ ላይ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋሉ። ከዚያ ወደ በረዶ።

አምስት ዓመት ሙሉ የተሠራው ሥራ ዋናው ክፍል ይሄ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ዋሻ ነው። ሺቶው ይባላል። በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ዩናን ግዛት ውስጥ፣ ከኩንሚንግ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የሌሊት ወፎችን ኮሮና ቫይረስ መከታተል ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚጎድለው ከዚህ ዋሻ በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዋሻው ሩቅ ነው። በኅዳር 2002 ጓንግዶንግ በሚባለው የደቡብ ቻይና ግዛት ሰዎች ምንነቱ ባልታወቀ የሳንባ በሽታ መታመም ጀመሩ። በኋላ ሳርስ ተባለ፤ ያመጣውም አንድ ኮሮና ቫይረስ ነው። በሐምሌ 2003 የዓለም ጤና ድርጅት ስርጭቱ ተገታ ብሎ እስኪያውጅ ድረስ 8,096 ሰዎች ታመሙ፣ 774 ሞቱ። ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች መካከል የምግብ ቤትና የዱር እንስሳት ንግድ ሠራተኞች ነበሩበት። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ገበያው ዞረ። በ2003 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ሼንዘን ከሚገኝ የእንስሳት ገበያ ናሙና ወሰዱ። ቫይረሱን ያገኙት በአንድ የጥርኝ ዓይነት ላይ ነው። አዎ፣ ዝባድ የምናወጣባት የእኛዋ ጥርኝ ዘመድ።

የጓንግዶንግ ባለሥልጣናት በጥር 2004 ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ጥርኞች እንዲገደሉ ወሰኑ። ግን ነገሩ አልገጠመም። ገበያ ላይ ያሉት ጥርኞች ቫይረሱ ሲገኝባቸው፣ እርባታ ቦታ ያሉት በአብዛኛው ንጹህ ሆነው ተገኙ። ጥርኟም እንደ ሰው ትታመማለች። አንድ ቫይረስ ለዘመናት የኖረባት እንስሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ሕመም አታሳይም። ስለዚህ ጥርኟ መሸጋገሪያ ናት እንጂ ምንጭ አይደለችም የሚለው ሐሳብ ተጠናከረ። ታዲያ ምንጩ ማነው?

በ2004 የቻይና፣ የአውስትራሊያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የተሰባሰቡበት ቡድን ወደ የሌሊት ወፎች ዞረ። ከእነሱ መካከል ከዉሃን የቫይረስ ምርምር ተቋም የመጡት ሺ ዠንግሊ ነበሩበት። የመጀመሪያ ጉዟቸው ናኒንግ ከተማ አካባቢ ወዳሉ ዋሻዎች ነበር። ለወራት ናሙና ሰብስበው የቫይረሱን ዘረመል ሲፈልጉ ምንም አላገኙም። ሥራው ሊቆም ጥቂት ነበር የቀረው። ያዳነው የመፈለጊያውን መንገድ መቀየር ነው። ቫይረሱን ራሱን ከመፈለግ ይልቅ፣ ቫይረሱ ገብቶ ሲወጣ ደም ውስጥ የሚተወውን ፀረ እንግዳ አካል ፈለጉ። እሱ ብዙ ይቆያል። ቫይረሱ ግን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ብቻ ታይቶ ይጠፋል። እንግዲህ በተሳሳተ ሳምንት የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። የኋላው ታሪክ በሙሉ የቆመው እሷ ላይ ነው።

በ2005 ውጤቱ ወጣ። ከ9 ዝርያ የሆኑ 408 የሌሊት ወፎች ተመርምረው ነበር። ምልክቱ የታየው በአንድ ወገን ላይ ነው፤ አፍንጫቸው ዙሪያ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ቆዳ ባላቸው፣ ራይኖሎፈስ በሚባሉት። ሆንግ ኮንግ የነበረ ሌላ ቡድንም በዚያው ዓመት ራሱን ችሎ እዚያው ደረሰ። ግን አንድ ቀዳዳ ቀረ። የተገኙት ቫይረሶች የሳርስ ዘመዶች ቢሆኑም የሰው ሴል ላይ የሚጣበቁበት ክፍል የተለየ ነበር። የሳርስ ቫይረስ ወደ ሰውነታችን የሚገባው ኤሲኢ2 በሚባል በር ነው። እነዚህ ግን ያንን በር መክፈት አይችሉም። ስለዚህ «የሌሊት ወፍ ቫይረስ ሰውን በቀጥታ አይነካም» ማለት ይቻል ነበር። ብዙዎችም እንደዚያ አሰቡ።

ሺቶው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ የብዙ ዋሻዎችን በር ካንኳኳ በኋላ ይህኛው ላይ ረጋ። ከሚያዝያ 2011 እስከ ጥቅምት 2015 በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል እዚያው ተመላለሱ። ዋሻው በራሱ ልዩ አይደለም። ውስጡ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ዋሻ ዩናን ውስጥ ብርቅ አይደለም። የሺቶው ልዩነት ብዛቱ ነው። በመራቢያ ወቅት የተለያየ ዝርያ ያላቸው የሌሊት ወፎች አንድ ጣሪያ ስር ተጨናንቀው ይሰፍራሉ።

ከኩሱ ሌላ የሚያዙም ነበሩ። ማታ ለምግብ ሲወጡ ዋሻው አፍ ላይ ቀጭን መረብ ይዘረጋል። መረቡ ላይ የተጠለፈችውን የሌሊት ወፍ አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ በጥንቃቄ ያላቅቃታል። ክንፏ እንደ ስስ ላስቲክ ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል። ጥጥ ያለበት ቀጭን እንጨት ከፊንጢጣዋ ያስነኩና ብልቃጥ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ ትለቀቃለች። መግደል የለም። ነገ ተነገ ወዲያ ሲመለሱ እሷም፣ ልጆቿም እዚያው እንዲገኙ ይፈለጋል።

ፍሬው ቶሎ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተሰበሰቡ 117 ናሙናዎች 27ቱ ላይ ኮሮና ቫይረስ ተገኘ። ከመካከላቸው ሁለት አዳዲሶች ከዚያ በፊት ከታወቁት ሁሉ በላይ ለሳርስ ይቀርባሉ፤ 95 በመቶ ያህል ይመሳሰላሉ። ትልቁ ነገር ግን መቶኛው አልነበረም። ከአንድ የኩስ ናሙና ሕይወት ያለው ቫይረስ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። ደብሊውአይቪ1 ብለው ሰየሙት። ይህ ቫይረስ የሰውን ኤሲኢ2 ይከፍታል። የጥርኟንም ይከፍታል። የሌሊት ወፏንም እንዲሁ። በ2013 ይህ ሲታተም «በቀጥታ ሰውን አይነካም» የሚለው ማጽናኛ አበቃለት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዕቃውን ሸክፎ ይሄድ ነበር። እነሱ ግን ተመልሰው ሄዱ። ይህን ነው እኔ የማደንቀው። በ2017 ሁ ቤን፣ ሺ ዠንግሊና ባልደረቦቻቸው የአምስቱን ዓመት ድምር አወጡ። 602 ናሙና። ኮሮና ቫይረስ የተገኘባቸው 84። ከእነሱ ውስጥ 64ቱ የሳርስ ዘመዶች። ከዚህ አንድ ዋሻ በድምሩ 15 ሙሉ የዘረመል ንባብ ተገኘ።

ከ15ቱ አንዱም ቢሆን እንዳለ የሰው ሳርስ አልነበረም። ግን የሳርስ ቁርጥራጮች በሙሉ እዚያ ተበትነው ነበሩ። መጣበቂያው ክፍል አንዱ ላይ አለ። ኦአርኤፍ8 የሚባለው፣ በቫይረሶቹ መካከል በጣም የሚለያየው ክፍል፣ ሌላው ላይ አለ። ኮሮና ቫይረሶች አንድ ጠባይ አላቸው። ሁለት ዓይነቶች አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ የዘረመል ቁራጭ ይለዋወጣሉ። የተጨናነቀ ዋሻ ማለት ደግሞ በየሌሊቱ የሚገናኙበት ቦታ ማለት ነው። ሳርስም እንደዚህ ካለ ቅልቅል ሳይወለድ አልቀረም አሉ። ጓንግዶንግ ከዚያ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መራቁ ግን ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል። ቫይረሱ ያን ያህል መንገድ እንዴት ሄደ? በእንስሳት ንግድ ይሆናል የሚል ግምት አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ ናሙና የወሰደ ሰው ከእነዚህ ቁርጥራጮች አንዱን ወይም ሁለቱን ነበር የሚያገኘው። ወይም ምንም። ክትትል የሚለው ቃል በየሪፖርቱ ስለሚደጋገም ትርጉሙ የቀለለ ይመስለኛል። ሺቶው ላይ ግን ትርጉም ነበረው፤ እዚያው ቦታ፣ በተለያየ ወቅት፣ ያለ መሰልቸት።

የ2017ቱ ጥናታቸው መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ቫይረሶቹ ወደ ሰው ሊሻገሩ፣ ሳርስን የመሰለ በሽታም ሊነሳ ይችላል ይል ነበር። የወጣው በኅዳር 2017 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

«ታዲያ ምን ጠቀመ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ተጨባጭ መልስ አለው። በዚያው 2017 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሬምዴሲቪር የተባለውን መድኃኒት በሰው የመተንፈሻ አካል ሴሎች ላይ ሲሞክሩ፣ ከሳርስና መርስ ከሚባለው ሌላ ሰውን የሚያጠቃ ኮሮና ቫይረስ ጋር ከዚህ ዋሻ የተገኙትን ቫይረሶችም ተጠቅመዋል። መድኃኒቱ ሁሉንም ገታ። ገና ሰው ላይ ላልታየ ኮሮና ቫይረስም ሊሠራ ይችላል ለማለት ያበቃው ያ ሙከራ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ሬምዴሲቪር ከመጀመሪያዎቹ እጩዎች አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኋላ ላይ የታየው ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ተአምር አልነበረም። ቢሆንም መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

በሌላ በኩል ከዚሁ ዋሻ የተገኘ ኤስኤችሲ014 የሚባል ቫይረስ ሌላ ክርክር አስነሳ። በ2015 በአሜሪካ የሚመራ ቡድን የዚህን ቫይረስ መጣበቂያ አንድ የሳርስ ቫይረስ ላይ ገጠመው። የተሠራው ቫይረስ በሰው ሴል ውስጥ ተራባ። በእጅ ላይ የነበሩት የሳርስ ፀረ እንግዳ አካላትም አልመከቱትም። አንዳንዱ ሳይንቲስት ይህን ማወቃችን ጥሩ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ባልነበረ ቫይረስ ምን ትነካካላችሁ አለ። ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው። እኔ ግን አንድ ነገር ለይቼ አያለሁ። ዋሻ ሄዶ ያለውን መመዝገብ አንድ ሥራ ነው። ያለውን ወስዶ መቀላቀል ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ መደገፍም ሆነ ማውገዝ ነገሩን ያደበዝዘዋል።

ኮቪድ የተነሳው የዚህ ሁሉ ናሙና ማረፊያ ተቋም ባለበት ዉሃን ከተማ ነው። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። የገበያውን መንገድ የሚያሳዩ ጠንካራ ጥናቶች አሉ። የላቦራቶሪውን መንገድ ለመዝጋት የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ ከቻይና ተሟልቶ አልመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አጥኚ ቡድንም ይህንኑ ተናግሯል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልፈርድ አልችልም። ከክትትሉ ጋር የሚገናኙ ሁለት ነገሮች ግን ያሳዝኑኛል። አንደኛ፣ የተቋሙ የቫይረስ መዝገብ ከ2019 መስከረም ጀምሮ ለውጭ ተመራማሪዎች ዝግ ነው። የሰው ልጅ እንዲጠነቀቅ ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ ሰው ሊያየው ካልቻለ ለምን ተሰበሰበ? ሁለተኛ፣ ሺ ዠንግሊ በ2020 በሰጡት የጽሑፍ መልስ የሌሊት ወፍ ኮሮና ቫይረስ ምርምራቸው የጥንቃቄ ደረጃቸው 2 እና 3 በሆኑ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ይካሄድ እንደነበር ገልጸዋል። ያኔ ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ግን ደረጃ 2 በብዙ ተራ ላቦራቶሪ የምናየው ጥንቃቄ ነው። በአየር ሊተላለፍ ለሚችልና ጠባዩ ላልታወቀ ቫይረስ አይበቃም ባይ ነኝ።

ሥራው ራሱ ግን ወደ ሌሎች አገሮች ሄዷል። ከኮቪድ ቫይረስ ጋር እስካሁን በጣም የሚቀራረበው የሌሊት ወፍ ቫይረስ የተገኘው ላኦስ ውስጥ ነው። ባናል-52 ይባላል። 96.8 በመቶ ይመሳሰላል። በፓሪሱ ፓስተር ተቋምና በላኦስ ተመራማሪዎች ተገኝቶ በ2022 ታተመ። እንስሳዋ እዚያም ያችው ባለ ፈረስ ኮቴ አፍንጫዋ ናት።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ታዲያ ለምን አናጠፋቸውም?» ሊል ይችላል። እባካችሁ ይህን እዚህ ጋ እንዝጋው። ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ አለ። በ2007 እዚያ የሚሠሩ ሰዎች በማርበርግ ቫይረስ ታመሙ። ከዚያ በኋላ የጉድጓዱ የሌሊት ወፎች በሺዎች ተገደሉ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሌሎች የሌሊት ወፎች ገቡ። ሳይንቲስቶች ሲመረምሯቸው ቫይረሱ የተገኘባቸው ከመቶ 13 ያህል ሆኑ። ከግድያው በፊት ከመቶ 5 ያህል ነበሩ። ቤቱ ባዶ ሲሆን በሽታ የማያውቁ ወጣቶች ይገባሉ፣ ቫይረሱም እንደ አዲስ ይዛመትባቸዋል። እኛም በኅዳር 2025 ጂንካ ላይ ማርበርግ ሲገኝ ይህን ስጋት በደጃችን አይተነዋል። ማርበርግ ኮሮና አይደለም፣ የሚሸከሙት የሌሊት ወፎችም ሌሎች ናቸው። ያም ሆኖ ጥያቄው አንድ ነው። ዋሻውና ሰው የሚነካኩት የት ጋ ነው?

የሺቶው ቡድን ይህን ጥያቄ የጠየቀው ዘግይቶ ነው። ያ ነው ቅሬታዬ። ቅርብ የሆነው መንደር ከዋሻዎቹ 1.1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። የሌሊት ወፎቹ በየማታው በመንደሩ ላይ ይበራሉ። የሰዉ ደም የተመረመረው ግን አምስተኛው ዓመት ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነርስ አብሯቸው ቢሄድ ኖሮ፣ የዋሻው መዝገብና የመንደሩ መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ዋሻ ውስጥ ቫይረስ በበዛበት ወር መንደር ውስጥ ሳል በዝቶ እንደሆነ ዛሬ መጠየቅ እንችል ነበር።

ቢሆንም በጥቅምት 2015 ሄዱ። ጂኒንግ በሚባለው ወረዳ በአራት መንደሮች፣ ከሺቶውና ያንዚ ከሚባል ሌላ ዋሻ ከ6 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ከ218 ሰዎች ደም ወሰዱ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከሌሊት ወፍ ጋር እምብዛም የማይገናኝ የከተማ ሰው አስፈለጋቸው። የመረጡት የዉሃንን ነዋሪዎች ነበር። 240 ደም ለጋሾች። ከዉሃኖቹ አንዱም ላይ ምልክት አልተገኘም። ከመንደሮቹ 218 ሰዎች ግን 6ቱ ደማቸው ውስጥ ለዚህ የቫይረስ ቤተሰብ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። 2.7 በመቶ ማለት ነው። ከስድስቱ አንድም ሰው ከሳርስ ታማሚ ጋር አልተገናኘም። በሳርስ ዘመን ዩናን ውስጥ ይህ ነው የሚባል ወረርሽኝም አልነበረም።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን በሳርስ የታመሙ ሰዎች ላይ እንደታየው ፀረ እንግዳ አካሉ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ በፊት የተነኩ ሰዎች ቢኖሩ ምርመራው አያገኛቸውም ነበር። በኋላ በዩናን፣ በጓንግሺና በጓንግዶንግ 1,497 ሰዎች ላይ የተደረገ ሰፋ ያለ ምርመራ 9 ሰዎችን አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች አዳኝ ወይም ዋሻ ገቢ ብቻ አይደሉም፤ ገበሬዎች ናቸው፣ እንስሳ አርቢዎች ናቸው።

ስድስቱ የጂኒንግ ሰዎች ባለፈው አንድ ዓመት ታመን ነበር አላሉም። ቫይረሱ መቼና በየት በኩል እንደነካቸው የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ሁሉም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የሌሊት ወፍ በመንደራቸው ሲበር አይተዋል።